መልስ፦ ሺሊንግ የያዘው ጎብኚ ከበር ለምን ተመለሰ?

በ1830ዎቹ አንድ ጎብኚ ሺሊንግ ይዞ ሳለ ከለንደን መካነ እንስሳት በር እንደተመለሰ ያቀረበውን አቤቱታ ጠቅሰው ምክንያቱን ጠይቀዋል። ገንዘብ ብቻውን አያስገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 የተከፈተው የለንደን መካነ እንስሳት እስከ 1847 ድረስ በመሠረቱ የባለቤቱ የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር አባላት ስፍራ ስለነበረ፣ የውጭ ሰው ከአንድ ሺሊንጉ ጋር አባል የጻፈለትን ፈቃድ ማሳየት ነበረበት። በጠቀሱት የ1830ዎቹ አቤቱታ ላይ ጎብኚው ስለ ፈቃድ ምንም አለማንሳቱ ራሱ ፍንጭ ነው። ዕለቱ እሑድ ከሆነም ቀኑ ለአባላት የተጠበቀ ነበር።

ቅሬታው ግን ከጎብኚ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ወይዛዝርት እንስሳቱን በጃንጥላቸው እንዳይነኩ በትሕትና እስከመለመን ተደርሷል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እኔ የቆዩ ደብዳቤዎችን ሳጠና የአቤት ባዩን ቃል ብቻ ይዤ በረኛውን በደለኛ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ የተሰጠው መልስ በሌላ ጥራዝ ውስጥ ኋላ ተገኘና ጽሑፌን ለማረም ተገደድኩ። ስለዚህ አቤቱታው የቀረበበትን ወር የማኅበሩን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አብረው ያንብቡ።