ስለ መጠጥና ስለ ሩጫ የጠየቃችሁኝ

ቢራ ካቆምኩ 6 ዓመት አልፎኛል። ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ አብረን የምንሮጥ ሰዎችና መጠጥ ለመተው የቆረጡ ወዳጆቻቸው የጠየቁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በሳምንት 4 ቀን ስፖርት እሠራለሁ። የምጠጣው ዓርብ ማታ ብቻ፣ ያውም 4 ቢራ ነው። ይህን ያህል ይጎዳኛል?

መልስ፦ እናስላው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ፣ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው። አራቱ ከ50 ግራም ይበልጣሉ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ስለሆነ፣ አንተ ተኝተህ እርሱ እኩለ ሌሊት ካለፈም በኋላ ሥራ ላይ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሳምንቱን ሙሉ የደከምክበት ጡንቻ የሚጠገነው በዚያ እንቅልፍ ነበር። ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝዘውን ሆርሞንም ስለሚያዳክም ሽንት ደጋግሞ ያስነሳሃል። ቅዳሜ እንጦጦ ዳገት ላይ ገና በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ልብህ ሲደልቅ «ዛሬ ምን ነካኝ?» ትላለህ። የነካህ የትናንቱ ማታ ነው።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን 55 ቀን አንድም ሳልቀምስ እጾማለሁ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ። ፈቃዴ ደካማ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። 55 ቀን የቻለ ሰው ደካማ አይባልም። በጾሙ ጊዜ ቤተሰቡም ጓደኛውም አብሮህ ይጾማል፤ ልቅመስ አልቅመስ እያልክ በየምሽቱ ከራስህ ጋር አትሟገትም። ፋሲካ ይህን ድጋፍ በአንድ ሌሊት ይወስድብሃል። እኔም ሦስት ዓመት እንደዚያው ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ የያዝኩት ሰዓቱን ነው። የመጠጫ ሰዓቴ ከሥራ ስወጣ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። በግሮሰሪው በር የሚያልፈውን መንገድ ትቼ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ መውረድ ጀመርኩ። ቤት ስገባ ከሁሉ በፊት የሩጫ ጫማዬን ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ካልሲውን ውስጡ ከትቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በጨለማ እግሬ ራሱ ያገኘዋል። ዲሲፕሊን የምትሉት ነገር ለእኔ የጀመረው ከዚያ ጫማ ነው፤ የገንዘብ አያያዜም፣ ሥራ በሰዓቱ መግባቴም ተከትለው መጡ።

ጥያቄ፦ በዕድሜ ገፍቻለሁ። ማኅበር ላይ የቀረበልኝን ጠላ መመለስ ነውር ይሆንብኛል።

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ ከባድ ነው። ለባለ ተራዋ ቀደም ብለው ይንገሯት፤ ያልፈላ ብርዝ በብርሌ ታቅርብልዎት። ወሎ ውስጥ ቀሪቦ፣ ያን ከገብስ የሚሠራ የማያሰክር መጠጥ፣ ቀድቶ እንግዳውን በክብር የሚያስተናግድ ቤት ስንት ነው!

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከነገ ጀምሮ አቁሞ ከእናንተ ጋር ይሩጥ ብዬ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ በአንድ ጊዜ እንዳያቆም። እንዲህ የለመደ ሰውነት መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ማቆም ያለበት ሐኪም እያየው፣ በመድኃኒት እየታገዘ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሩጫው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ መጠጥ ካቆምኩ በ40ኛው ቀን ሰርግ ላይ ጠጣሁ። ከአንድ ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ የመጣሽ ቀን የመስቀል አደባባይን ደረጃ አንዴ እንኳ ሳትጨርሺ አጋምሰሽ ተቀምጠሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳታርፊ ሦስት ጊዜ ወጣሽው። ያ ትንፋሽ በአንድ ሰርግ አይጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነይ፤ አራተኛውን አብረን እንወጣዋለን።