ሥራ ያጣ ሰው ካሜራውን ይሽጥ?

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ የመጨረሻ ክፍያውን ፈርሞ የሚወስደው ከእኛ ዘንድ ነው። ብዙ ወጣቶች ከፈረሙ በኋላ ወዲያው አይነሱም። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ትንሽ ይቆያሉ። ስለ ግብር ወይም ስለ ጡረታ መዋጮ ሊጠይቁኝ ይመስለኛል። እነሱ ግን፣ "ጋሼ፣ ካሜራዬን ብሸጠው ምን ይመስልዎታል?" ይሉኛል። ሌላው ጊታሩን ያነሳል። ሌላዋ ብስክሌቷን፣ ወይም ለዓመታት የሰበሰበቻቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች።

ጥያቄውን የሚያነሱት እያፈሩ ነው። እንዲህ ያለ ቀን መጥቶ ስለ መዝናኛ ዕቃ ማውራት ቅንጦት ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ትንሽ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ከሥራ የወጣ ሰው ባጁን ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩን ይመልሳል፤ "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት የሚለው ይጠፋዋል። በዚያ ሰሞን ከበፊቱ ሕይወቱ ሳይነካ እጁ ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ያ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ በአጭሩ የመለስኩትን ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ። ዕቃውን መሸጥ ሊኖርባችሁ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት አትሽጡት። ገንዘባችሁ እስኪሟጠጥም አትጠብቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለምን አይሆንም? ያን ሳምንት የሚሸጠው ድንጋጤ ነው። የተሰናበተ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ሥራ ፍለጋው ወራት ይፈጃል፤ ማመልከቻው መልስ የለውም። ዕቃ መሸጥ ግን በአንድ ከሰዓት ያልቃል፣ ገንዘቡም እጅ ይገባል። ለጊዜው ቀለል ይላል። አንዳንዴ ከዚህም የባሰ ነገር አያለሁ። ልጁ ገንዘቡን የሚፈልገው ያህል ራሱን መቅጣትም ይፈልጋል። "ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ምን ጊታር ያስመታዋል!" የሚል ድምፅ ከውስጡ ይሰማል። ይህን ድምፅ አትስሙት። መቀነሳችሁ ጥፋት አይደለም፤ ቅጣትም የለውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እዚህ ጋ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ሥራ አግኝታችሁ ያንኑ ዕቃ መልሳችሁ ልግዛ ብትሉ በሸጣችሁበት ዋጋ አታገኙትም።

የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ኪራይ ነገ የሚከፈል ከሆነ ገዢው ከድምፃችሁ ያውቀዋል። "ዛሬ ከሆነ በዚህ እወስደዋለሁ" ይላል፤ እናንተም እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ የላችሁም። ወይም ዕቃውን አስይዛችሁ በወለድ ትበደራላችሁ። ሥራ ሳይኖር የተወሰደ ብድር ሳይከፈል ቀነ ቀጠሮው ይደርስና ዕቃውም ገንዘቡም ይሄዳል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት በደህና ዋጋ መሸጥ ይችሉ ነበርና።

በሁለቱ መካከል ያለውን ቀን የሚያገኝላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ቁጭ በሉና በእጃችሁ ያለውን ሁሉ ጻፉ፤ ቁጠባችሁን፣ የስንብት ክፍያውን፣ ያልተከፈለ የዓመት ፈቃድ ካለም እሱን። ከሥሩ የወር ወጪያችሁን ጻፉ። ደመወዝ በነበረበት ጊዜ ታወጡት የነበረውን አይደለም። ከአሁን ወዲያ የማይቀረውን ብቻ ጻፉ። አካፍሉት። ስንት ወር ትቆያላችሁ? አሁን የዕቃውን ዋጋ ውሰዱና ለዚያው ወጪ አካፍሉት። ካሜራው ስንት ሳምንት ይገዛላችኋል?

ጥያቄው የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው የሚገዛላችሁ አሥር ቀን ከሆነ እንዳትነኩት እመክራለሁ። አሥር ቀን ሕይወታችሁን አይለውጥም፤ የስልክ ጥቅል፣ የክፍያ ቻናልና አንዳንድ ልማድ ብትቀንሱም ይገኛል። ሦስት ወር የሚገዛ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ሦስት ወር ማለት ያገኛችሁትን የመጀመሪያ መናኛ ሥራ በግድ ከመቀበልና ለሙያችሁ የሚመጥነውን ጠብቆ ከመግባት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሽጡት እላለሁ። እያዘናችሁም ቢሆን ሽጡት።

ግን "የዕቃው ዋጋ" ስል የትኛውን ዋጋ ነው? እናንተ የምታስቡትን አይደለም። የያዝነውን ነገር ከሚገባው በላይ እንደምንገምት የኢኮኖሚክስ ሰዎች ፈትነው አሳይተዋል። ከእነሱ አንዱ ሪቻርድ ታለር ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1980 ጽፎበታል። በ1990 ደግሞ ከዳንኤል ካህነማንና ከጃክ ኔትሽ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ ሰጧቸው፤ ለግማሾቹ አልሰጡም። ኩባያውን የያዙት ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ያልያዙት ለመግዛት ካሰቡት እጥፍ ገደማ ሆነ። በዚያው ሰዓት የተቀበሉት ኩባያ ነው እንግዲህ! አሥር ዓመት አብሯችሁ የኖረ ጊታር ሲሆን ምን ያህል እንደምትገምቱት አስቡት። ስለዚህ ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ትታችሁ ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ አጣሩ። ሱቅ የሚሰጣችሁ ከዚያም ያንሳል፤ አትርፎ መሸጥ አለበትና። ሒሳባችሁን በዝቅተኛው ሥሩት።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ ይህን ሒሳብ ከሠራ በኋላ ዕቃውን በሙሉ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ አነጠፈና አንድ ካሜራና አራት ሌንስ ደረደረ። ትልቁን ሌንስ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ከመስተዋቱ ውስጥ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነበር። ሌንስ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ፣ ሳይነካ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። ልጁ ክፉኛ ደነገጠ። ያን ሌንስ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይመስለው ነበር። ከገዛው ወዲህ ግን ከቦርሳው ያወጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ትንሹ፣ ቀለሙ የተላላጠው ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ንጹሕ ነበር፤ ከካሜራው ወርዶ አያውቅማ።

የማይጠቀምባቸውን ሁለት ንጹሕ ሌንሶች ሸጠ። የሻገተውን ጉዳቱን ሳይደብቅ፣ ዋጋውን ቀንሶ፣ ማጽዳት ለሚችል ባለሙያ ሰጠ። ካሜራውና ትንሹ ሌንስ ቀሩለት። ፎቶ ማንሳቱን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠም። ይህን የምነግራችሁ የሁላችሁም ነገር እንዲህ በቀላሉ ይፈታል ለማለት አይደለም፤ አንድ ጊታር ብቻ ያለው ሰው ግማሹን መሸጥ አይችልም። ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ዕቃ አይደለም ያላችሁ። ማጉያው፣ ቦርሳው፣ ሁለተኛው ብስክሌት፣ ተጨማሪው መለዋወጫ አለ። ከዳር ጀምሩ።

አሁን ሰዎች ብዙም ወደማያነሱት ነገር ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ጊዜ ይተርፈዋል፤ ያ ጊዜ ግን እንደምታስቡት የሚያርፉበት አይደለም። በኦስትሪያ፣ ቪየና አጠገብ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ መንደሯን የሚያኖረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የሚባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ሄደው የሰውን ኑሮ አጠኑ፤ ውጤቱ በ1933 ታተመ። ያገኙት ልብ ይሰብራል። ሰዎቹ ሙሉ ቀን ትርፍ ጊዜ ነበራቸው፤ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ግን ፋብሪካው ይሠራ ከነበረበት ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ለመዋስ የሚከፈለው ቀርቶ ሳለ! መንገድ ላይ ያለ ምክንያት ይቆማሉ። እርምጃቸው እንኳ ዘገምተኛ ሆነ። ያሆዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠንን ጻፈች፤ ቀናችንን መልክ ያስይዛል፣ ከሰው ያገናኛል፣ የጋራ ዓላማ ይሰጠናል፣ ማንነታችንን ያሳየናል፣ እንቅስቃሴ ውስጥ ያኖረናል።

እንግዲህ ዕቃችሁን በዚህ ዓይን እዩት። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትጋልቡት ብስክሌት ከሆነ፣ ከአልጋ የሚያስነሳችሁና ከሰው ጋር የሚያውላችሁ እሱ ነው። ሲሸጥ ብረቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ቅዳሜም አብሮ ይሄዳል። ይህ በገንዘብ ሒሳባችሁ ላይ አይታይም፣ ግን እውነተኛ ወጪ ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠና በዓመት አንዴ አቧራው የሚራገፍ ዕቃ ከሆነ ግን ቀናችሁን አልያዘውም። ብታዝኑም ትችሉታላችሁ። ለመለየት ከተቸገራችሁ ለሁለት ሳምንት አንድ ቦታ አስቀምጡትና ስንት ጊዜ እጃችሁ እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ዕቃው እንጀራ የሚያስገኝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰንን ታሪክ ታውቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 በግብር ዕዳ አብዛኛው ንብረቱ ሲያዝ፣ ከ1969 ጀምሮ የሚጫወትበትን "ትሪገር" የተባለ ጊታር ብቻ ልጁ እንድታወጣለት አደረገ። ከግብር ሰብሳቢ ዕቃ ማሸሽን ተማሩ ማለቴ አይደለም፤ የሒሳብ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ምክር ከእኔ አይወጣም። ያስተዋልኩት ሌላ ነው። ሰውዬው ቤት ንብረቱ ሲሄድ የማይሰጠውን አንድ ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር። በ1993 ዕዳውን የተገላገለውም በከፊል ዘፍኖ ነው። በካሜራችሁ ሠርግ አንስታችሁ ተከፍሏችሁ የምታውቁ ከሆነ መሣሪያችሁን ከመሸጣችሁ በፊት አከራዩት፣ ሥራ ጠይቁበት። ነገር ግን ራሳችሁን አታታሉ። "አንድ ቀን ገቢ ያመጣል" ማለትና ባለፈው ዓመት ገቢ ማምጣቱ ለየቅል ናቸው።

ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ወላጅ የምትጦሩ፣ ሒሳቡን ብቻችሁን አትሥሩ። የትዳር ጓደኛ ካለ አብራችሁ ተቀመጡ። ባል በድብቅ የሸጠው ጊታር ሚስቱን ያስደነግጣታል እንጂ አያስደስታትም፤ "ለካ እዚህ ደርሰናል!" ብላ ነው የምትተረጉመው። ወለዱ በየወሩ የሚያድግ ዕዳ ካለባችሁ ደግሞ ብዙ አታስቡ። ዕዳው ከዕቃው ይቅደም። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀር ከሆነም እንዲሁ። እዚህ ላይ ማለሳለስ አልችልም።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ በደንብ ሽጡት። ካርቶኑን፣ ደረሰኙን፣ ቻርጀሩን ፈልጉ፤ የተሟላ ዕቃ ዋጋው ይለያል። አጽዱት፤ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ ጭረቱንም አሳዩ። ካሜራ ከሆነ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተጫነ፣ ማለትም ስንት ፎቶ እንደተነሳበት፣ ገዢው ይጠይቃችኋልና አስቀድማችሁ እወቁት። የዲጂታል ካሜራ ዋጋ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይወርዳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ዋጋውን ይይዛል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ማቆየት ከቻላችሁ ይህን አስታውሱ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኙ። "አስገብቻለሁ" ተብሎ በስልክ የሚታይ ምስል ገንዘብ አይደለም፤ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ ዕቃውን አትልቀቁ። የመነሻ ዋጋችሁን፣ ከዚያ በታች የማትወርዱበትንም ከቤት ሳትወጡ ወስኑ።

ከሁሉም በፊት ግን ዕቃውን ለሚያውቁት ሰዎች ንገሩ። አብሯችሁ የሚጫወት፣ አብሯችሁ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከማታውቁት ነጋዴ የተሻለ ይከፍላል፣ በእንክብካቤም ይይዘዋል። ስትሰጡት አንድ ነገር ጠይቁት፤ "መሸጥ ስትፈልግ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ" በሉት። አያሳፍርም። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ገዢ አግኝታችሁ ነገ ልትገናኙ ተቀጣጥራችሁ ይሆናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ ሒሳቡን ሥሩ። ካልጨረሳችሁ ለሰውዬው ደውሉና እስከ ሰኞ እንዲታገሳችሁ ጠይቁት። ከምር የሚፈልገው ከሆነ ይታገሣል።