ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ድራማ፦ ወደ ደቅ ለሚመላለሱት መምህርት ጥያቄ መልስ

የተከበሩ እህታችን፣ ባሕር ዳር ሲገቡ በዋይፋይ ያወረዷቸው ተከታታይ ድራማዎች ወደ ደቅ ደሴት በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ «ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» እያሉ እንደማይከፈቱልዎ፣ ከቴሌግራም ከወሰዷቸውም አንዳንዶቹ ጨርሶ ከስልክዎ እንደጠፉ ገልጸው፣ አብረዋቸው ለሚኖሩት እናትዎ ጭምር የሚሆን ታብሌት ቢገዙ ችግሩ ይፈታ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ለሥራ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ባሉት የጣና ሐይቅ ዳርቻዎች ለዓመታት የተመላለስኩና ማታ ማታ በስልክ ድራማ የማየት ልማድ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ፣ የሠራልኝንና ያልሠራልኝን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። በእኔ አስተያየት የታብሌቱ ነገር በመጨረሻ የሚመጣ ነው። በቅድሚያ መለየት ያለበት፣ ያወረዱት ነገር የእርስዎ የሆነ ፋይል ነው ወይስ ከቤተ መጻሕፍት እንደተዋሱት መጽሐፍ የመመለሻ ቀን ያለው ነው የሚለው ጉዳይ ነው።

በዩቲዩብ ወይም በኔትፍሊክስ መተግበሪያ ውስጥ የማውረጃውን ምልክት ሲነኩ ቪዲዮው በስልክዎ ማከማቻ ላይ መቀመጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተመስጥሮ የሚቀመጥ ስለሆነ ከዚያው መተግበሪያና ከዚያው አካውንት ውጭ አይከፈትም። ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲቀመጥ ቢያዝዙት እንኳ ካርዱን አውጥተው በእናትዎ ስልክ ውስጥ ቢከቱት ምንም አያሳይዎትም። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው የጊዜ ገደቡ ነው። ዩቲዩብ የወረደን ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየው በአንዳንድ አገሮች ለ48 ሰዓት ብቻ፣ በሌሎች ደግሞ ቢበዛ ለ29 ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ለማደስ ስልኩ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ ይጠይቃል። ኔትፍሊክስ ማውረድን የፈቀደው በኅዳር 2009 ዓ.ም. ሲሆን የእርሱ ገደብ እንደየድራማው ይለያያል፤ አንዳንዱ ወርዶ ለቀናት ቢቀመጥም፣ ማየት ከጀመሩበት ቅጽበት አንሥቶ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚያበቃ አለ። ስለዚህ እሑድ ማታ «በደንብ ወርዶ እንደሆነ ልየው» ብለው ሁሉንም ክፍሎች ጥቂት ጥቂት ከፍተው ቢፈትሹ፣ ማክሰኞ ማታ የተዘጋ ሊያገኙ ይችላሉ። ፍተሻው በአንድ ክፍል ብቻ ይሁን። ከአካውንትዎ መውጣትም የወረደውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ደሴቱ ላይ ሳሉ መተግበሪያው ቢያስቸግርዎ «ወጥቼ ልግባ» እንዳይሉ አደራ እላለሁ።

የቴሌግራሙ መጥፋት ምክንያቱ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ ነክተው ያወረዱት ቪዲዮ መጀመሪያ የሚገባው መተግበሪያው ራሱ በየጊዜው ወደሚያጸዳው ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታና ስለ ማከማቻ የሚናገረውን ክፍል ቢከፍቱ፣ ሚዲያ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚል ምርጫ ያገኛሉ፤ አጭር ጊዜ ተመርጦ ከሆነ ሳይከፈት የቆየው ሁሉ ይሰረዛል። ባሕር ዳር ላይ ይህ አይታወቅም፤ ሲነኩት እንደገና ይወርዳልና። ደቅ ላይ ግን የሚቀረው ባዶ ምስሉ ብቻ ነው። መፍትሔው ምርጫውን «ለዘላለም» ላይ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቪዲዮ ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች በመንካት ወደ ጋለሪ ወይም ወደ ዳውንሎድ ፎልደር ያስቀምጡት፤ ከዚያም አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ቦታ እንዳይዝብዎ የቴሌግራሙን ጊዜያዊ ማከማቻ ያጽዱት። በቴሌግራም የሚላክ አንድ ፋይል ለተራ ተጠቃሚ እስከ 2 ጊጋ ባይት፣ ለፕሪሚየም ከፋይ ደግሞ እስከ 4 ጊጋ ባይት ስለሆነ ለአንድ የድራማ ክፍል ከበቂ በላይ ነው።

በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የሁለቱ ዓይነት ማውረድ ልዩነት በግልጽ ታይቷል። በመተግበሪያዎች ውስጥ የተጠራቀመው አንድ በአንድ ሲዘጋ፣ በፍላሽና በሚሞሪ የነበረው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቆይቷል። እኔም ከዚያ ወዲህ ለረጅም ቆይታ የምይዘውን በፋይል ብቻ እይዛለሁ።

እንግዲህ ሕጋዊ ሆኖ የእጅ የሚሆን ፋይል ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚበተነው ድራማ አብዛኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የማሠራጨት መብት የባለቤቱ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሚሞሪ እየጫኑ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ይህ እንደ ተራ ነገር መታየቱ ሁልጊዜ ያስከፋኛል። እኔ የተመቸኝ መንገድ ብዙ ሰው ቤቱ ኖሮት የማይጠቀምበት ነው፦ የዲሽ ሪሲቨር። ኢትዮሳት በሚባለው የሳተላይት ሥርጭት በነፃ የሚተላለፉትን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚያሳዩ ብዙ ሪሲቨሮች የፍላሽ መሰኪያ ያላቸው ሲሆን፣ በሰዓት ተሞልተው ፕሮግራም የሚቀርጹም አሉ። ባሕር ዳር ያሉት ዘመዶችዎ ቤት ሪሲቨሩ የሚወዱትን ድራማ በሳምንቱ ውስጥ ቢቀርጽልዎ፣ ቅዳሜ ሲገቡ ፍላሹን ነቅለው መሄድ ነው። የሚቀረጸው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ቲኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጥቅም መሃል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ እስከዚያ የተቀረጸው ሳይበላሽ መቅረቱ ነው፤ የኤምፒ4 ፋይል ግን በአግባቡ ሳይዘጋ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። አንዳንድ ሪሲቨር የቀረጸውን በራሱ መንገድ ስለሚቆልፈው ከዚያው ሪሲቨር ውጭ አይታይም፤ አዲስ የሚገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስቀርጸው በስልክዎ ይክፈቱት።

የተቀረጸው ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል፦ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈስ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋ ባይት ይይዛል። ስለዚህ በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት የተላለፈ የ45 ደቂቃ ድራማ 1 ጊጋ ባይት ገደማ ሲሆን፣ ያንኑ ወደ 1 ሜጋ ቢት ቢቀንሱት 340 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ሀንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፕ እጠቀማለሁ። ጥራቱን 480 ፒ ላይ ቢያደርጉት በስልክ መስታወት ላይ ከ720 ፒ ጋር ያለው ልዩነት ለተራ ዓይን ብዙም አይታወቅም፤ በታብሌት ላይ ግን ይታወቃል፤ ስለዚህ ለታብሌት 720 ፒ ይሻላል። ኤች 265 የሚባለው ቪዲዮን አምቆ የማሳነሻ ዘዴ ተቀራራቢ ጥራትን ከኤች 264 በግማሽ ገደማ መጠን ስለሚያኖር ያጓጓል፤ ሆኖም አሮጌ ስልክ በቺፑ መፍታት ስለማይችል በሶፍትዌር ሲታገል ምስሉ ይቆራረጣል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የእናትዎ ስልክ ዕድሜ ካለው በኤች 264 የተዘጋጀ ኤምፒ4 ይስጡት፤ ይህን የማይከፍት ስማርት ስልክ አላጋጠመኝም።

ሚሞሪ ካርድ ሲገዙ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው፣ ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ ግን እፍኝ የማይሞላ የሐሰት ካርድ በገበያው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ መጀመሪያ የገለበጡትን በደንብ ያሳያል፤ እውነተኛ መጠኑ ሲያልፍ ግን ስማቸው እንጂ ይዘታቸው የሌለ ፋይሎች ያቀርብልዎታል። ስለዚህ እስከ ጢሙ ሞልተው የመጨረሻውን ፋይል ይክፈቱ። ሁለተኛው፣ 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለሚመጡ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበሉም፤ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚልዎ በዚህ ምክንያት ነው። ከ64 ጊጋ ጀምሮ ያሉት ኤክስፋት ስለሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም። አንድ ባለ 64 ጊጋ ካርድ ባሰላነው መጠን ከ150 በላይ ክፍሎች ይይዛል፤ ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ይመስለኛል፣ የተማሪ ፈተና የሚታረምበትን ምሽት ሳንቀንስ።

ማጫወቻው ቪኤልሲ ይሁን። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ቲኤስም ኤምኬቪም ኤምፒ4ም ይከፍታል፣ ያቆሙበትንም ቦታ ያስታውሳል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ እንደ እናትዎ ያሉ ተመልካቾች ከምስሉ ሥር የሚወጣ የትርጉም ጽሑፍ ከማንበብ ድምፁን መስማት እንደሚመርጡ በቤቴም አይቻለሁ፤ የሚያነቡ ከሆነ ግን የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ እዚያው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አማርኛው በትርጉም የለሽ ምልክቶች ከመጣ ደግሞ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ አስቀምጠው እንደገና ይሞክሩት።

ስለ ማውረጃ ሰዓት ብዙ የምለው የለኝም። ሌሊት መስመሩ ስለሚቀል የሌሊት ጥቅል መግዛት ያዋጣል፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ማውረዱን እንዳያቋርጠው ቻርጅ ላይ ያኑሩት። ከመነሣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር አይዝለሉ፦ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው፣ አጥፍተው አብርተው፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ መተግበሪያ አንድ አንድ ክፍል፣ ከካርዱም አንድ ፋይል ይክፈቱ። ጀልባው ላይ ሆነው የሚሰማዎትን ብስጭት ያስቀራል።

ይኸው የአውሮፕላን ሞድ ደሴቱም ላይ ይጠቅማል። ኔትወርክ በሚዳከምበት ቦታ ስልክ ምልክት ፍለጋ ኃይሉን ስለሚጨርስ፣ በእይታ ጊዜ ሞዱ ላይ አድርገው የመስታወቱን ብርሃን ዝቅ ቢያደርጉ አንድ ቻርጅ ብዙ ያስኬዳል።

ወደ ታብሌቱ ስመጣ፣ መግዛቱ የሚጠቅመው ለእናትዎ ዓይን ነው እንጂ የመዘጋቱን ችግር አይፈታውም። ከገዙ የሚሞሪ ካርድ መክተቻ ያለው አንድሮይድ ይምረጡ። አይፓድ መክተቻ ስለሌለው ፋይሉን በገመድ ወይም በቪኤልሲ የዋይፋይ ማስተላለፊያ ማስገባት ይኖርብዎታል፤ የራሱ ማጫወቻም ኤምኬቪን አይከፍትም። ያለዎት ስልክ መክተቻ ከሌለው ደግሞ በአንድ ጎኑ ታይፕ ሲ ያለው ፍላሽ ከታብሌት እጅግ በረከሰ ዋጋ ያንኑ ሥራ ይሠራልዎታል። የስልክዎንና የሪሲቨሩን ሞዴል እዚሁ ቢጽፉልኝ ቀረጻው በስልክዎ ይከፈት አይከፈት ያየሁትን እነግርዎታለሁ።