የክረምት ክፍል ለምትከፍቱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ሰኔ ሳይገባ ቀድሜ ልጻፍላችሁ። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ሕፃናትን ሥዕል፣ ተረት፣ ሙዚቃና ታሪክ ለማስተማር እንደምታስቡ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን በመምህርነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ምክሬን ብትቀበሉኝ ደስ ይለኛል።

ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለሚታይ ነገር ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመዝጊያ ፕሮግራም አለ፤ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ለዚያ ቀን ሲሉ የልጁን ሥዕል ራሳቸው የሚጨርሱ መምህራን አይቻለሁ። የሁሉም ልጅ ጎጆ አንድ ዓይነት፣ የሁሉም ፀሐይ በቀኝ ማዕዘን። ልጁም መምህሩ ካልነካው ሥዕሉ ሥዕል እንዳልሆነ አምኖ ይወጣል። ገና በጠዋቱ!

እናንተ ግን ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት ላይ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሯቸው ምስሎች አሉ፤ ፋሺስቶች የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምረው አዲስ አበባ ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ያሳያሉ። እዚያው አጠገብ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ልጁ አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ነገሩ የት እንደተጀመረና ምን እንዳስከተለ በዓይኑ ያያል።

ስትደርሱ ወዲያው ማስረዳት አትጀምሩ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ማን ይታያችኋል? እጁ ምን እያደረገ ነው? ወዴት ነው የሚያየው? እያንዳንዱ ልጅ ከምስሎቹ አንድ ሰው ይምረጥና እሱን ብቻ ይሣል። ታሪኩን የምትነግሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማው ስለ ሣለው ሰው ስለሆነ ጥያቄው ብዙ ነው። ነገሩ ለሕፃን ይከብዳል የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ ለትንንሾቹ እኔም እስማማለሁ። እነሱን ወደ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ልጆቹን ለኳቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ማንም ልጅ አይገባውም (እኔም አይገባኝም)፣ «እኔን ታክላለች!» ማለት ግን ይገባዋል።

ዝናብ ለሚውልበት ቀን እንቆቅልሽ አለላችሁ። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፣ የተሰጠው ደግሞ አገሩን ይዞ ያወድሳል፣ ይሳደባል፤ ከዚህ የተሻለ የቋንቋ ትምህርት አላውቅም። የቆዩትን ካስጠናችኋቸው በኋላ የራሳቸውን ይፍጠሩ። አንዲት ልጅ «ሆዱ ሞልቶ እንኳ አንድ ሰው ቀረኝ ይላል» ብላ ክፍሉን በሙሉ አገር አስከፍላለች። መልሱ ታክሲ ነው።

ሙዚቃ የምታስተምሩት ከኪቦርዱ በፊት ማሲንቆ አስይዟቸው። በአንዷ የፈረስ ጭራ ክር ትዝታና አንቺሆዬን ለይቶ የሰማ ጆሮ ሌላውን አያቅተውም።

አንድ ሥራ ግን ለሌላ ክረምት አታሳድሩት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈርሷል፣ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ስለ መፍረሱ የየራሳችሁን አስቡ፤ እኔም የራሴ አለኝ፣ እዚህ አልጨቃጨቅበትም። ልጆቹ ግን አያቶቻቸውን ይጠይቁ፦ ዳቦ ቤቱ የት ነበር፣ ዕድሩ የሚሰበሰበው የማን ግቢ ነበር፣ ቧንቧው ጋ ማን ከማን ይጣላ ነበር? መልሱን በካኪ ወረቀት ላይ በካርታ ያስፍሩት። የሁለት አያቶች ካርታ እንደማይገጥም ታያላችሁ። አታስማሙት፣ ሁለቱንም ስቀሉ።

ለመዝጊያውም አዳራሽ አትከራዩ። ወላጆችን በጠዋት ስድስት ኪሎ ጥሯቸውና ልጆቹ ያስጎብኟቸው፤ እናንተ ከኋላ ሁናችሁ መንገድ አሻግሩ። ከሰዓት በኋላ ይዘንባልና ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሱ።