መልስ፦ ፍሎፒ ለሌለው ሰርቨር ኤኤስአር እንዴት ይዘጋጃል?

ሰላም ወንድሜ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የኤኤስአር (ASR፣ የተበላሸ ሰርቨርን እንዳለ መልሶ የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ባክአፑን ሲጨርስ ፍሎፒ (ዲስኬት) አስገባ አለኝ፣ ማሽኑ ደግሞ ፍሎፒ ድራይቭ የለውም ላልከው፣ አትደንግጥ። ባክአፑ አልተበላሸም። ፍሎፒው ላይ የሚያስፈልጉት ኤኤስአር ዶት ሲፍ (asr.sif) እና ኤኤስአርፒኤንፒ ዶት ሲፍ (asrpnp.sif) የሚባሉት ፋይሎች ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሪፔር የሚለው ጋ አሉ። ፍሎፒ ድራይቭ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ፍሎፒ ላይ ገልብጣቸው። ዛሬውኑ ከሰርቨሩ አውጣቸው፤ ዲስኩ ከሞተ አብረው ነው የሚሄዱት።

ጣጣው ሰርቨሩን ስትመልስ ነው። ከዊንዶውስ ሲዲው አስነስተህ ኤፍ 2 ስትጫን ፍሎፒውን የግድ ይጠይቅሃል። ፍላሽ ብትሰካለት አይሰማህም። ስለዚህ የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ፈልግና ማሽኑ እንደሚያነበው ቀድመህ ሞክር።

እኔ ብሆን ግን ወደ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ወይም ከዚያ በኋላ ወደወጣው እሸጋገር ነበር። እዚያ ከዲቪዲው አስነስተህ ከውጭ ሃርድ ዲስክ ትመልሳለህ፤ ፍሎፒ የሚባል ጣጣ የለም።