የአንባቢ ጥያቄ፦ በሩ የተዘጋ የጫካ መንገድ ላይ ሳይክል መንዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። እኔና ልጄ ማውንቴን ባይክ ገዝተን ሸነንዶዋ ሄደን ትሬይሉ (የጫካው የእግር መንገድ) ላይ ገና ከመግባታችን ሬንጀር አስቆመንና እዚህ ሳይክል አይፈቀድም አለን። ከማዶ ያለው ጫካ ውስጥ ግን ሰው ይነዳል ይላሉ፣ ልዩነቱ ምንድነው? የብረት በር የተዘጋበት መንገድ ሲገጥመንስ? ባለቤቴ ደሞ ኢ-ባይክ (የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ሳይክል) ነው የሚነዳው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ነገር መሬቱ በማን ስር ነው የሚለው ነው። ሸነንዶዋ ናሽናል ፓርክ ነው፣ እዛ ሳይክል የሚነዳው ስካይላይን ድራይቭን በመሳሰሉ አስፋልቶች ላይ እንጂ ትሬይል ላይ አይደለም። በስተምዕራብ ፊት ለፊት የሚታያችሁ የማሳነተን ተራራ ግን አብዛኛው ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ነው፣ እዛ አብዛኛው ትሬይል ለሳይክል ክፍት ነው። አፓላቺያን ትሬይል የሚባለው ረጅም የእግረኛ መንገድና ዊልደርነስ (በተፈጥሮው እንዲቆይ በሕግ የተጠበቀ ቦታ) የሚል ምልክት ያለበት ክልል ግን አይቻልም፤ የ1964ቱ የዊልደርነስ ሕግ ሞተር ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም መካኒካል መጓጓዣ ስለሚከለክል ዊልደርነስ ውስጥ ሳይክሉን እየገፋችሁ መሄድም ክልክል ነው።

በሩን በተመለከተ፣ ብዙ አበሻ በር ሲያይ ዝግ ነው ብሎ ይመለሳል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ናሽናል ፎረስት ውስጥ በሩ ብዙውን ጊዜ የተዘጋው ለመኪና ነው፣ ሳይክል ክልክል ነው የሚል ምልክት ከሌለ በጎን በኩል አልፋችሁ ግቡ፣ ሰፊ ነው፣ መኪና የለም፣ ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። መኪናችሁን ግን በሩ ፊት እንዳታቆሙ፣ እሳት ቢነሳ የሚገቡት በዛ ነው።

የባለቤትሽ ነገር ይለያል። ናሽናል ፎረስቶችን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፎረስት ሰርቪስ፣ ኢ-ባይክን የሚቆጥረው እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ስለሆነ ከተዘጋው በር ወዲያ አይፈቀድለትም፣ ለኢ-ባይክ ተብሎ የተከፈተ መንገድ ካልሆነ በስተቀር። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ የሞተር ተሽከርካሪ ካርታ በነጻ ያወጣሉ፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ቤት እያላችሁ ዳውንሎድ አድርጉት።

ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ። ፈረስ ሲመጣ ግን መቆም ብቻ አይበቃም፣ ከሳይክሉ ውረዱ፣ በቁልቁለቱ በኩል ቁሙና ጋላቢውን ድምፃችሁን አሰምታችሁ ሰላም በሉት፣ ፈረሱ ሄልሜት ያደረገውን ነገር ሰው መሆኑን የሚለየው በድምፅ ነው። ህዳር አካባቢ ደሞ የአጋዘን አደን ስለሆነ ለልጁም ለራስሽም ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ሳትለብሱ እንዳትገቡ።