ጥፋቷን ራሷ ይዛ የመጣች ሠራተኛ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ነርስነት ተምራችሁ፣ ጥቂት ዓመት ሠርታችሁ፣ አሁን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ምሩ ለተባላችሁ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት ያሳለፍኩት አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ማዕከል ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶችና የተንከባካቢዎች ኃላፊ፣ ሆኜ ነው። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ የምንይዛቸው። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ አረጋውያኑ ይጠይቀኛል፤ ስለ ሠራተኞቹ ግን የሚጠይቀኝ የለም። እኔ የአንድን መጦሪያ ቤት ደህንነት የምለካው አንዲት ሠራተኛ ስታጠፋ የት እንደምትሄድ አይቼ ነው፤ ወደ ኃላፊዋ ትመጣለች ወይስ ትደብቃለች?

በሥራው በሁለተኛ ዓመቴ ገደማ አንዲት ተንከባካቢ ጠዋት ቢሮዬን አንኳኩታ ገባች። አንድ አባባን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ስታሻግር አምልጠዋት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «አልተጎዱም ሲስተር፣ ግን ይወቁት ብዬ ነው» አለችኝ። አብራት የምትሠራው ቀርታ ብቻዋን እንደነበረች አልጠየቅኳትም። በሳምንቱ ስብሰባ አስነስቼ በሰው ፊት ገሠጽኳት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጻፍኩባት። ሥርዓት ያስያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት ቢሮዬ ጸጥ አለ። የወደቀ የለም፤ መድኃኒት የተሳሳተ የለም፤ ቆዳው የተላጠ የለም። ሪፖርቴን ይዤ ለቦርዱ ስቀርብ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸው አንዲት እማማ ነበሩ፤ ራሳቸውን ማገላበጥ አይችሉም። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጎን ሲቆይ አጥንቱ ሥጋውን ከፍራሹ ጋር ይጫነዋል፤ ደም አይደርሰውም። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት አይነጣም፣ ቀጥሎ ይከፈታል። ቀድሞ የሚጎዳው ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለው አጥንት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ዳስሱት፤ ከአካባቢው ሞቅ ወይም ጠጠር ካለ ምልክት ነው። በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጠው ለዚህ ነው፤ አልጋው ግርጌ ላይ የተገላበጡበት ሰዓት ምልክት የሚደረግበት ቅጽ የሚንጠለጠለውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ራሴ ላጥባቸው ብዬ እማማን ሳዞራቸው ከወገባቸው በታች የእንቁላል አስኳል የሚያህል ክፍት ቁስል አየሁ። ቅጹን አነሳሁት። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ ንጋት 12፤ ሁሉም ላይ ምልክት አለ። ስድስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁጭታ የተሞሉ። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «ልጄ፣ አትቆጫት። ሌሊቱን እኮ ብቻዋን ናት» አሉኝ።

እንዳሉትም ነበር። ሌሊት 18 ሰው የምትጠብቀው አንዲት ተንከባካቢ ነበረች፤ ከ18ቱ 7ቱ መገላበጥ ያለባቸው ናቸው። ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ውሃ ማጠጣት፤ በሰው 10 ደቂቃ ብትይዙት 70 ደቂቃ ነው። ከሁለቱ ሰዓት የሚቀራት 50 ደቂቃ። በዚያችው 50 ደቂቃ ሽንት ቤት የሚያደርሷቸው አሉ፤ ግራ ገብቷቸው ከእንቅልፋቸው ተነስተው «ልጆቼ ይጠብቁኛል፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» እያሉ በሩን የሚገፉ አሉ። ደግሞም ከባድ ሰው በአንድ ሰው እጅ አይገለበጥም፤ ወይ የእሷ ወገብ ይሄዳል፣ ወይ የሰውየው ቆዳ ይላጣል። ልጅቷ እውነቱን ጽፋ ቦታውን ባዶ ብትተወው ምን እንደሚደርስባት እኔ አስቀድሜ በስብሰባ ላይ አሳይቻት ነበር።

የእማማ ቁስል እስኪድን አራት ወር ፈጀ። ያቺን መጀመሪያ የገሠጽኳትን ተንከባካቢ ይቅርታ ልጠይቃት ስፈልግ ሥራ ለቃለች። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። «ኧረ ሲስተር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። እንዳልረሳችው ድምጿ ይናገር ነበር። በስብሰባው ላይ ግን በሌለችበት ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ። ሠራተኞቹ ወዲያው አላመኑኝም፤ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው አንዷ «ሲስተር፣ ዛሬ መድኃኒት ተሳስቻለሁ» ብላ የመጣችው።

ስለዚህ ሠራተኛ ጥፋቷን ይዛ ስትመጣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ተቀመጡ፤ እሷንም አስቀምጧት። «እሳቸው እንዴት ናቸው?» በሉ። ቀጥሎ «አንቺስ?» በሉ። ከዚያ ማን አብሯት እንደነበረ፣ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ መተው እንደማያስቀጣ፣ የውሸት ምልክት ግን እንደሚያስጠይቅ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሌሊት ሁለተኛ ሰው ካልመደባችሁ ግን ይህን ለመናገር አፍ የላችሁም። አረጋዊ የሚቆነጥጥ፣ የሚሰድብ፣ ከእጃቸው ምግብ የሚነጥቅ ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። እሱ ያን ቀን ከአልጋዎቹ አጠገብ መራቅ አለበት፤ በዚህ አልደራደርም።

የፈረቃ ርክክብን በቢሮ አታድርጉት፤ አልጋ ዳር አድርጉት። የምታጸዳውም፣ ልብስ የምታጥበውም፣ ወጥ ቤት ያለችውም ትናገር። ትሪው እንጀራው ሳይነካ እንደተመለሰ መጀመሪያ የምታየው ወጥ ቤት ያለችው ናት። የአንድ አባባ አንሶላ ሽታ መለወጡን ለእኔ የነገረችኝ አጣቢያችን ናት፤ አባባ ትኩሳት ሳይኖራቸው ንግግራቸው የተምታታው በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። በሽምግልና ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚገባው፤ ሙቀት መለኪያው ምንም ሳይል ሰውየው ይቀባዥራል። ዲግሪ ያለው ብቻ በሚናገርበት ቤት ያ አንሶላ ታጥቦ ይሰጣል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

ስለ ደመወዝም ልናገር፤ በእኛ አገር በበጎ አድራጎት ቤት ገንዘብ መጠየቅ ነውር ይመስላል። «ለጽድቅ ነው እኮ» ይባላል። ጽድቁ የራሷ ነው፤ ደመወዙ የእኛ ዕዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የሌሊት ትርፍ ሰዓት ደግሞ የመደበኛው 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ኃላፊ ከሆናችሁ ይህን ለቦርዱ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ ተንከባካቢዋ አትናገረውም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ፣ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ሠራተኞቻችን ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አንዷ ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። ጠዋት 1 ሰዓት ለመግባት በሌሊት መነሳት ግድ ሆነባት፤ ስታረፍድ ሌሊቱን ያደረችው አትወጣም፣ ሁለቱም ይኮራረፋሉ። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ፊርማ ልናጠብቅ ነበር። ተሰብስበን ስንነጋገር ግን የፈረቃውን መቀየሪያ ወደ 2 ሰዓት ማዞር በቂ ሆነ፤ ሐሳቡን ያመጣችው ጥበቃችን ናት። የአረጋውያኑ የድሮ ጎረቤቶችም ተበትነዋል። እሁድ እሁድ ዳቦ ይዘው ይመጡ የነበሩ የእድር ሰዎች ቀሩ። ዛሬ እማማዎቹን በስማቸው ጠርታ ፀጉራቸውን የምታበጥረው ያቺው ከገላን ጉራ የምትመጣዋ ልጅ ናት፤ እሷ ስትከፋ የሚታየው በእማማዎቹ ላይ ነው።

ከመልቀቄ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳልናገር ሄድኩ። ሁለቱም ተረኞች ነቅተዋል። አንዱ አልጋ ግርጌ ያለውን ቅጽ በስልኬ መብራት አነበብኩት። የ8 ሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው። ጎኑ ላይ በተጣመመ ጽሕፈት «አላገላበጥኩም። አባባ ትንፋሽ አጥሯቸው ሁለታችንም እሳቸው ጋ ነበርን። 8፡40 ላይ አገላብጫለሁ» ይላል፤ ፈርማበታለች። የተኙትን እማማ ቀስ ብዬ ተረከዛቸውን ዳሰስኩት፤ ደህና ነበር።